አንድ እግር በረባሶ

በሕይወቴ ሲፈርስ ቆሜ ያለቀስኩለት ግድግዳ አንድ ብቻ ነው። የራሴ ቤት ግድግዳ አልነበረም። የቤቱ ባለቤት እንኳ አላለቀሱም፤ «አፍርሱት» ያሉትም እሳቸው ናቸው። ነገሩን ለብዙ ሰው በአፌ አውርቼዋለሁ። ባወራሁት ቁጥር ግን እቸኩላለሁ፣ ሰውም ይቸኩልብኛል። ዛሬ ሳልቸኩል ልጽፈው ነው።

አዲሱ ሺህ ዓመት ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ኮቦ ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ፣ ከአንድ ግራር ሥር፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት በርጩማ ይዤ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ባለጉዳይ ሲጠፋ በዚያው ወረቀት ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ያገኘሁትን እያነበብኩ የተማርኩት ነው። አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን እጀምራለሁ። የሌላ ሰው ግጥም እጄ ሲገባ ግን ስሕተቱን ሳላገኝ አላድርም። ጓደኞቼ «ዓይንህ ስለት ነው» ይሉኝ ነበር፤ እኔም አምኛቸው ነበር።

ይህ የስሕተት አደን የጀመረው በልጅነቴ ነው። ያኔ በአንድ የልጆች መጽሔት የመጨረሻ ገጽ ላይ በሥዕል የሚነገር ተከታታይ ታሪክ ይወጣ ነበር። በየወሩ አንድ ገጽ፣ በገጹ ስድስት ሳጥን። ሐሊማ የምትባል ቆላ ያደገች ልጅ ግመሏ ትጠፋባትና ዱካዋን ተከትላ ትሄዳለች። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ትሄዳለች። መጽሔቱ ኮቦ የሚደርሰው ወራት ቆይቶ ነበር፤ ከሚደርሰውም የሚበዛው ስኳርና ሻይ ቅጠል መጠቅለያ ሆኖ ነው የሚገኘው። ስኳር ልገዛ ስላክ ባለሱቁን «በሥዕሉ ጠቅልልልኝ» እለው ነበር። እሱም «ስኳሩን ትተህ ወረቀቱን ልታኝክ ነው?» እያለ ይጠቀልልልኛል። በዚህ መንገድ፣ ከዚህም ከዚያም ለምኜ፣ ከወጡት ሠላሳ አራት ገጾች ሠላሳ አንዱን ሰበሰብኩ። አድጌም አልጣልኳቸውም። የደብተር ልባስ ውስጥ ሰክቼ ከአልጋዬ ሥር አስቀምጫቸው ነበር።

ስሕተቱን ልንገራችሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሐሊማ አንዱን በረባሶዋን አውልቃ ቀበሮ ላይ ትወረውራለች። ከጎማ የሚሠራውን ያንን ጫማ ታውቁታላችሁ። ከዚያ በኋላ መንገዱን የምትሄደው በአንድ እግር በረባሶ ነው። ግን አንዱ ገጽ ላይ ጫማው በቀኝ እግሯ ነው፤ ቀጥሎ በግራ፤ ከዚያ ደግሞ በቀኝ። ሠዓሊው ረስቶታል! ይህን ያገኘሁ ቀን የተሰማኝን ኩራት እስካሁን አስታውሰዋለሁ። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ለመጽሔቱ ደብዳቤ ጻፍኩ፦ «ሠዓሊያችሁ ቀኝና ግራ አይለይም» ብዬ። መልስ አልመጣም።

ሠላሳ አራተኛው ገጽ ላይ ሐሊማ ሰፊ ነጭ ሜዳ መካከል ትቆማለች። የግመሏ ዱካ እግሯ ሥር ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም፤ ዛፍ የለም፣ ድንጋይ የለም፣ ሰው የለም። ከሥሩ «ይቀጥላል» ይላል። አልቀጠለም። መጽሔቱ ቆመ። እኔም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ግመል ከሜዳ መካከል ወዴት ትሄዳለች እያልኩ አደግሁ።

ግንቦት ላይ አንዲት አሮጊት ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። እማማ ዘይነባ ይባላሉ፤ ከጎብዬ ዳርቻ ነው የመጡት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲቀመጡ እንኳ የቆሙ የሚመስሉ ሴት ናቸው። ቤታቸው ከደረቁ ወንዝ አጠገብ ነው፤ ክረምት ተራራው ላይ በዘነበ ቁጥር ጎርፉ ግድግዳውን እየላሰ አዘንብሎታል። አፍርሰው እንዲሠሩት ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ይፈልጋሉ። የቤቱን ካርታ ከወፍራም ነጭ ወረቀት እጥፋት ውስጥ አውጥተው ሰጡኝ፤ እጥፋቱን መልሰው ጉያቸው ከተቱት። እኔም ጻፍኩላቸው። ያን ቀን ግጥሙ መጥቶልኝ ስለነበር «ይህ ግድግዳ የሚመጣውን ክረምት ቆሞ አይቀበለውም» የሚል መስመር አስገባሁበት። በዚያ መስመር ቀኑን ሙሉ ስኩራራ ዋልኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ እማማ ዘይነባ ሁለት ፓፓያ ይዘው ተመለሱ።

«ማሻአላህ፣ ልጀ! ማዘጋጃ ቤት ያለው ጎረምሳ ያንተን ጽሑፍ ሁለቴ አነበበው። ከዚያ አንገቱን ነቅንቆ ማህተሙን መታው። ነገ ጅጌ ጠርቻለሁ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ያፈርስልኛል፤ በዚያው ውሎ ቋሚውን ያቆምልኛል።»

«ማክሰኞ?»

«ጁምዓ አይሆን፣ ቅዳሜና እሑድ ክርስቲያኖቹ አይቆፍሩ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ያልከበረ ቀን አለ? ነገ ብቻ ነው ለሁላችንም በዓል የማይሆንብን።»

ፈቃዱን ሊያሳዩኝ እጥፋቱን ሲፈቱት ንፋስ ገባበትና ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘረጋ። በውስጡ በኩል ሥዕል ነበረበት። ሐሊማ ነበረች።

ያወቅኋት ወዲያው ነው፤ ግን ያቺ የማውቃት ሐሊማ አልነበረችም። የኔዋ ከመዳፍ የማትበልጥ፣ የስኳር ቅባት የጠጣች፣ መስመሯ የደበዘዘ ነበረች። ይህችኛዋ ክንድ በሚያህል ወፍራም ወረቀት ላይ ነው የቆመችው። ቀለሙ ጥቁር ብቻ አልነበረም፤ ብዕሩ የተጫነበት ቦታ ይወፍራል፣ የተነሣበት ቦታ እንደ ፀጉር ይቀጥናል። ከቀለሙ ሥር የእርሳስ መስመር አለ፤ አንዲት ሐሊማ ከሌላዋ ሐሊማ ሥር እንደተደበቀች። አንዱ ክንዷ በነጭ ቀለም ተሸፍኖ እንደገና ተስሏል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እነዚያን ሥዕሎች ሰው ቁጭ ብሎ፣ ተሳስቶ፣ አርሞ፣ በእጁ እንደሠራቸው አስቤ አላውቅም ነበር። ለእኔ ከመጽሔቱ ጋር የበቀሉ ነበሩ። በወረቀቱ ዳር ደግሞ፣ ኅትመት ላይ በማይወጣው ቦታ፣ በሰማያዊ እርሳስ እንዲህ ተጽፏል፦ «ጫማው አሁን ወደ ግራ። አትርሳ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አትርሳ። ሠዓሊው አልረሳም ነበር።

«እማማ፣ ይህ ከየት መጣ?»

እማማ ዘይነባ ወደ ሥዕሉ ሳይመለከቱ ወረቀቱን በመዳፋቸው ገለበጡት። «ወንድሜ ነው የሠራው። እንድሪስ። አዲስ አበባ ነበር ሥራው። ታሞ መጥቶ እኔ ቤት ነው ያረፈው፤ አላህ ይዘንለት።»

«ሌላስ አለ?»

«አለ እንጂ፣ ሞልቶ!»

«የት?»

«ግድግዳው ላይ ነዋ። እኔው ነኝ የለጠፍኩት።»

«የትኛው ግድግዳ?»

እማማ ዘይነባ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፈቃድ በጣታቸው ነካ አደረጉት። ማህተሙ ገና አልደረቀም የሚያሰኝ ነበር።

ጠረጴዛዬን ለጎረቤቴ ለሊስትሮው አደራ ሰጠሁ። በሚኒባስ ሮቢትን አልፈን ጎብዬ ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። መንገዱን ሁሉ ማሰብ የቻልኩት አንድ ነገር ነው፤ ዓመታት ሙሉ አዘንብሎ የቆመ ግድግዳ፣ እኔ ጽፌ ነው ያስፈረድኩበት።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ አንድ በር፣ አንድ ትንሽ መስኮት። በሰሜን በኩል የተዘረጋ የመስገጃ ምንጣፍ አለ። ሰው ተቀምጦ ጀርባውን በሚያስደግፍበት ቁመት ላይ፣ የጭቃው አቧራ የእንግዳ ልብስ እንዳይነካ፣ ዙሪያውን ወረቀት ተለጥፏል። ብዙ የገጠር ቤት እንዲህ ነው፤ ሌላው ሰው ግን የሚለጥፈው ጋዜጣ ነው። ይህ ነጭ ነበር፤ ንጹሕ፣ ባዶ ነጭ።

«የታሉ ሥዕሎቹ?» አልኩ።

«ተደግፈሃቸው።»

ተፈናጥሬ ተነሣሁ። እማማ ዘይነባ ሳቁብኝ።

«ፊታቸውን ወደ ጭቃው አዙሬ ነው የለጠፍኳቸው።»

«ለምን?» ድምፄ ሳላስበው ከፍ አለ። እውነቱን ልናገር፣ በልቤ ያልኩት «ምን ዓይነት ድንቁርና ነው» ነበር።

«እዚህ ነው የምሰግደው፣ ልጀ። የሰውና የእንስሳ ምስል ከፊቴ ደርድሬ እንዴት እሰግዳለሁ? እንዳላቃጥለው የወንድሜ እጅ ነው። እንዳልሰጠው ማን ይይዝልኛል? ሲሞት ካርቶኑን አቅፌ ስንት ቀን ተቀመጥኩ። ከዚያ እንዲህ አሰብኩ፤ እነሱ ወደ ግድግዳው ይዩ፣ እኔ ወደ አላህ ልይ፤ ከቤት ግን አይውጡ።»

ዓይኔ ስለት ነው ያልኩ ሰው፣ የተደገፍኩትን አላየሁም።

እንድነቅላቸው ፈቃድ ለመንኩ። እማማ ዘይነባ ጥቂት አሰቡና ሁለት ቃል አስገቡኝ፤ የተነሣውን ሥዕል ወዲያው ወደ ውጭ እንዳወጣና እሳቸው በሚሰግዱበት ሰዓት እንዳቆም። «ነገ ሰው ሲመጣ ግን ቁም ብለህ አታስቆምብኝ። ጅጌ አንድ ቀን ነው፤ ሰማዩም እንደምታየው ነው።» በዞብል ተራራ በኩል ደመናው መከመር ጀምሮ ነበር።

ለብ ባለ ውኃ ጨርቅ እያራስኩ የወረቀቱን ጀርባ ቀስ ብዬ ዳበስኩት። የተለጠፈው በዱቄት ማጣበቂያ ስለሆነ ሲረጥብ ይለሰልሳል። የመጀመሪያው ገጽ ከላይ ወደ ታች እንደ ልጥ ቅርፊት ተላቀቀ፤ ገለበጥኩት። ሐሊማ፣ የመጀመሪያው ማለዳ፣ ባዶ የግመል ማሰሪያ በእጇ። ቀና ስል ግን ሌላ ነገር አየሁ። ወረቀቱ በተነሣበት ግድግዳ ላይ፣ ነጭ አፈር በተቀባው ጭቃ ላይ፣ ያው ሥዕል ቀርቷል፤ ፈዘዝ ብሎ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ፣ ፊደሉ ተገልብጦ።

«እማማ! ወንድምዎ በምን ቀለም ነበር የሚሠሩት?» ብዬ ጮህኩ።

እማማ ዘይነባ ከደጅ፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ማሽላ እየለቀሙ ነው። «ራሱ ነበር የሚበጠብጠው። የኩራዝ ጥላሸትና የግራር ሙጫ። የሱቁ ቀለም ውሸታም ነው ይል ነበር።»

የሙጫ ቀለም ርጥበት ሲያገኝ ይለቃል። የማጣበቂያው ርጥበት ያኔ ሲለጠፍ ለጭቃው አካፍሎታል። ግድግዳው ለዓመታት ሥዕሉን በልቡ ይዞት ኖሯል።

ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን አነሣሁ። እማማ ዘይነባ በቅደም ተከተል ነበር የለጠፉት፤ ካርቶኑ ውስጥ እንደተደረደረ። ታሪኩ ክፍሉን ይዞራል ማለት ነው። ወረቀቶቹን አጥሩ ላይ አንድ በአንድ ሰቀልኩ።

«ምን አየህ?» አሉኝ እማማ ዘይነባ፣ ዞር ሳይሉ።

«ሐሊማ በረባሶዋን ቀበሮው ላይ ስትወረውር።»

«ቀበሮ?» እማማ ዘይነባ ከት ብለው ሳቁ። «ኧረ ውሸታም፣ እንድሪስ! የምን ቀበሮ! የአያ ኑሩ ውሻ ነው እንጂ! ጫማየን ይዞ የጠፋ ሌባ ውሻ!»

ጨርቁ ከእጄ ወደቀ። በሩ ላይ ወጥቼ ጀርባቸውን አየሁ። ረጅምና ቀጭን፣ ተቀምጠውም የቆሙ የሚመስሉ። እንዴት አላየሁም?

«እማማ… ጫማየን አሉ?»

«አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ግመሏ ጠፍታብኝ። እሱ ያኔ ገና የሚድህ ነበር፤ ካደገ በኋላ ማታ ማታ ያንን ንገሪኝ እያለ ያስነግረኝ ነበር። እንደሳለው ነግሮኛል፤ እኔ ግን አንድም ቀን አላየሁትም። አንተ እያየህ ንገረኝ እስቲ።»

እኔም እያነሣሁ ነገርኳቸው። የዛፉን ጥላ፣ ውኃ የሰጣትን አፋር ሰውዬ፣ የግመሏን ፋንድያ በእጇ ሰብራ ትኩስነቱን ስታይ። እማማ ዘይነባ አንዳንዱን ያርማሉ፣ አንዳንዱን «እሱስ እውነት ነው» ይላሉ። የልጅነት ጥያቄዬ ግን ቀርቶኝ ነበር። በመጨረሻ አወጣሁት።

«ጫማው አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እግሯ ነው። ለምንድን ነው?»

እማማ ዘይነባ እንደ ሞኝ አይተውኝ ይሆናል፤ ጀርባቸውን ስለሰጡኝ አላውቅም። «አሸዋው ያቃጥላላ፣ ልጀ! አንዱ እግር ሲነድ አውልቄ ለሌላው አጠልቅለታለሁ። አንድ ጫማ ላለው ሰው ሌላ ምን መንገድ አለ?»

እዚያው በሩ ላይ ቁጭ አልኩ። የዚያን ቀን ሙቀት፣ የማሽላው ድምፅ ሳህኑ ላይ፣ ሁሉም ዛሬም ይሰማኛል። ያ ሠዓሊ በየወሩ፣ ማንም ልብ በማይለው ነገር፣ የእህቱን የተቃጠለ እግር ሲያሳርፍ ኖሯል። ልብ ያለው አንድ ልጅ ነበር፤ እሱም ቀኝና ግራ አይለይም ብሎ ጻፈበት።

ጀንበር ስትጠልቅ ሦስቱን ግድግዳ ጨርሼ ነበር። በወንዙ በኩል ያለው አራተኛው ቀረ። አያ ኑሩ ቤት አደርኩ፤ የዚያ ውሻ ጌታ። የጅጌውም መሪ እሳቸው ናቸው። ወጣት ሳሉ ጨው ጭነው ከግመል ጋር ብዙ የተጓዙ፣ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ምላሳቸው ግን ያላለቀ ሽማግሌ ናቸው።

ጠዋት ሠላሳ የሚሆን ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ሲመጣ አጥሩን አየና ቆመ። ሐሊማ ከእሾህ አጥሩ ላይ በሃያ ስድስት ወረቀት ትጓዛለች። ልጃገረዶች፣ ሽማግሌዎች፣ ጭድ ተሸክመው የመጡ ሴቶች፣ ሁሉም አንገቱን እያሰገገ ከአጥሩ ጋር ይሄዳል። ማንበብ የማይችለው የሚችለውን ያስነብባል።

«ይህችማ ዘይነባ ናት! አረማመዷን እዩት!» አለች አንዷ።

«ይህ ውሻ የኔ አይደለም፤ የኔ ውሻ መልከ መልካም ነበር» አሉ አያ ኑሩ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ተደቅነው።

ካሳ የሚባል የማገር ሠራተኛ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «አንተ ነህ ማመልከቻው? አንተው አፍርሱ ብለህ ጽፈህ፣ አንተው ልታስቆመን መጣህ?»

«አላስቆምም» አልኩት። «አንድ ግድግዳ ብቻ ቀረኝ።»

«ጭቃው እስኪቦካ ጊዜ አለህ» አሉ አያ ኑሩ። «ከዚያ ወዲያ ልመናም አልሰማ።»

ወደ አራተኛው ግድግዳ ገባሁ። ጨርቁን ሳሳርፍበት ወረቀቱ ሟሟ። ምስጥ በልቶት ነበር። ከፊቱ ደኅና ይመስላል፣ ከኋላው ገለባ ነው። እጄ ላይ እንደ አመድ ሲበተን የጮህኩትን ጩኸት ሰምተው ሰዎች ገቡ። አንዱንም ማዳን አልቻልኩም። ብናኙን ግን በላባ ጠረግ ጠረግ ሳደርገው፣ ከሥሩ፣ በነጩ አፈር ላይ፣ ቀለሙ ቆሞ ነበር። ወረቀቱ ሄዷል፤ ሥዕሉ ቀርቷል፤ ከኋላ በኩል እንደሚታይ ሰው።

ሠላሳ አራተኛው ገጽ ጋ ደረስኩ፤ ነጩ ሜዳና የሚያበቃው ዱካ።

«እዚህ ጋ ነው ያቆመው» አልኳቸው። «አሥራ አንድ ዓመት አስቤበታለሁ። ዱካው ከሜዳ መካከል ተቋረጠ። ግመሏ ወዴት ሄደች?»

አያ ኑሩ በትራቸውን ተመርኩዘው ጠጋ አሉ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል አዩት።

«ጨው ነዋ» አሉ።

«ምን?»

«ጨው ላይ ገባች። ደርቆ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ጨው ዱካ አይዝም። ግመሏማ እየሄደች ነው፤ መሬቱ ነው የተለወጠው። አሥራ አንድ ዓመት? አንተ ልጅ፣ አንድ ግመል ነጂ አትጠይቅም ነበር?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን ዓይኔ ከግድግዳው አልተነሣም። ከሠላሳ አራተኛው ቀጥሎ፣ እስከ በሩ መቃን ድረስ፣ የአንድ ገጽ ቦታ ይቀራል። ማንም ያላየው ገጽ። በላባው ብናኙን ጠረግኩት።

የመጀመሪያው ሳጥን፣ ሐሊማ ጎንበስ ብላ መሬቱን ስትልስ። ከአፏ የወጡት ፊደሎች ተገልብጠዋል። አንዲት ልጃገረድ ከደረቷ ትንሽ መስታወት አውጥታ ሰጠችኝ፤ በመስታወቱ ውስጥ «ጨው!» ይላል። አያ ኑሩ «እህ!» አሉ ብቻ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ ሐሊማ በነጩ ላይ ቆማ ወደ ኋላዋ ስትዞር፤ የራሷም ዱካ የለም። አራተኛው፣ ፊቷ ብቻ። ፍርሃቱ ገና አዲስ ነበር። አምስተኛው፣ ወደ እግሯ ስታይ። ስድስተኛው ባዶ ነው። ዙሪያው መስመር ተሰምሮበታል፤ ውስጡ ምንም የለም።

ምስጥ አልበላውም፤ ቀለሙም አልለቀቀም። አልተሳለም።

ወጥቼ እማማ ዘይነባ ጋ ሄድኩ። ጭቃው አጠገብ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ነገርኳቸው።

«ያንን እንድሪስ ጠይቆኝ ነበር» አሉ። «ታሞ ተኝቶ ሳለ። ከዚያ ወዲያ ምን አደረግሽ ሲለኝ፣ እስክትድን አልነግርህም አልኩት። እንዲድንልኝ ነው። የሚጠብቀው ነገር ካለ አይሞትም ብየ።»

ተነሥተው እጃቸውን ጭቃው ውስጥ ነከሩ። «የቱ ጋ ነው ባዶው? ፊቶቹን ሸፍንልኝ።»

ኮቴን አውልቄ ከካሳ ጋር ግራና ቀኝ ይዘን አምስቱን ሳጥን ሸፈንን። እማማ ዘይነባ ዓይናቸውን መሬት ላይ አድርገው ገቡ። ባዶው ሳጥን ፊት ቆሙ። የወንድማቸውን መስመር፣ አራቱን ማዕዘን፣ በንጹሕ እጃቸው ዳሰሱት። ከዚያ በጭቃማ ጣታቸው፣ እንደ ልጅ እየተጠነቀቁ፣ አንድ ነገር ሣሉ። ጠፍጣፋ መርገጫ፣ ሁለት ማሰሪያ። አንድ በረባሶ።

«ጫማ ነፍስ የለውም» አሉ፣ ከእኛ ይልቅ ለራሳቸው።

ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ።

«ጨው ላይ ዱካ የለም። የገባሁበትን ከሳትኩ አልመለስም። ነጩ መሬት እንደ አሸዋው አያቃጥልም፤ ስለዚህ ጫማየን አውልቄ እዳሩ ላይ ምልክት ተከልኩ። እሱን እያየሁ ገባሁ፤ እሱን እያየሁ ወጣሁ። ልወስደው ስል ግን ከኋላየ የሚመጣ ሌላ ሰው ይኖራል ብየ ተውኩት። በባዶ እግሬ ተመለስኩ።»

«ግመሏስ?» አለ ካሳ።

«ግመሏማ! በሦስተኛው ቀን ብቻዋን ቤት መጣች። ከኔ ቀድማ!»

ሳቁ ገና ሳያበቃ፣ እማማ ዘይነባ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «አሁን አለቀ። አፍርሱት።»

ልለምናቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ቃሌን ግን ሰጥቻለሁ፤ ደመናውም ደርሷል፤ ቤቱ የሰው ቤት ነው። አያ ኑሩ «ቢስሚላሂ» አሉ፣ ካሳ አማተበ፣ ዶማው ወረደ። ግድግዳው ወደ ወንዙ በኩል እንደ ደከመው ሰው ተኛ። ያኔ ነው ያለቀስኩት። ከዚያ እኔም አካፋ አነሣሁ። የፈረሰው ጭቃ ከአዲሱ ጋር ተቦክቶ እንደገና ግድግዳ ሆነ። አንባቢ ሆይ፣ የመጨረሻው ገጽ ዛሬም እዚያው ቤት ውስጥ ነው፤ የት እንደሆነ ብቻ አይታወቅም።

ሃያ ስድስቱን ሥዕሎችና እጥፋት የነበረውን አንዱን እማማ ዘይነባ ለእኔ ሰጡኝ። «የሚሰገድበት ቤት እንዳትሰቅላቸው፤ ሌላው ያንተ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በተገኘሁበት ሁሉ የሰው እጅ የነካውን ዋናውን ሥዕል አድናለሁ፤ ከተዘጋ ማተሚያ ቤት፣ ከመጋዘን፣ ከካርቶን ውስጥ። ብዙ አግኝቻለሁ። መጀመሪያ የማየው መሐሉን አይደለም፤ ዳሩን ነው፤ ሠዓሊው ለራሱ «አትርሳ» ብሎ የጻፈበትን።

ግጥምም እጽፋለሁ፤ ያው አሁንም አልረጋሁም። ግን የሌላ ሰው መስመር ሲያነክስብኝ እርሳሴን ቶሎ አላነሣም። መጀመሪያ፣ ይህ ሰው ሲጽፈው የቆመበት አሸዋ ምን ያህል ያቃጥል ነበር እላለሁ። አንዳንዴ በእርግጥ ስሕተት ሆኖ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ግን እግር እየቀያየረ ነው።

ኮቦ ከመጣችሁ ጠይቁኝ፤ ሥዕሎቹን አሳያችኋለሁ። በቅደም ተከተል በጨርቅ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው አንድ ባዶ ወፍራም ወረቀት አለ። እሱ ጋ ስትደርሱ አትለፉት፤ እኔ ልንገራችሁ። የእማማ ዘይነባ ጫማ እዚያ ጨው ዳር ላይ ነው። ማንም አላነሣውም ይሆናል።